አንቀጽ ዐሥራ ዘጠኝ

የጎፍ ጉሙን ሲለብስ ፓይለቱ ይመለሳል፤
ሲገልጥለት ደግሞ ሜዳው ላይ ይወርዳል።
የኮምቦልቻ ጣቢያ በቀን አንድ በረራ፣
ስድስት ሰው ነን እኛ፣ የስድስት ሰው ሥራ።
እንዲያ ይላል ወረቀቱ።

ወረቀት ሳይኖር ግን አራጋው ነበረ።
ከጎማው ሥር ታኮ የሚያስገባ አራጋው፣
ደረጃ የሚገፋ አራጋው፣
ሻንጣ አውርዶ፣ ሽንት ቤት ጠርጎ፣
ከመንደርደሪያው ላይ ውሻ የሚያባርር አራጋው።
"አንተ!" ሲሉት
ማን እንደጠራው ሳያይ "አቤት" የሚል።

አንድ ሐሙስ፣ ካፊያ ጥሎ፣ ደረጃው ሸርተት አለ።
የቀኝ እጁን ሦስት ጣት ብረቱ ሥር ትቶ መጣ።
ካሳ ቢጠይቅ፣ ከላይ የመጣው ደብዳቤ
አንዲት መስመር ብቻ ነበረችው፦
"ደረጃ መግፋት ሥራህ አይደለም።"

ዐሥራ አንድ ዓመት ሲገፋ ያላየ ዓይን
ጣቱ ሲቀር ጊዜ ማንበብ ጀመረ።

እንድሪስ ያችን መስመር ቀዶ ኪሱ ከተታት።
ሁለት ክረምት ሙሉ ሀረጎን ወጣ ወረደ፣
ደሴ ቢሮ ለቢሮ፣ በር ለበር ሄደ፤
"ነገ ና" ያለውን ነገውኑ ለመደ።
በመጨረሻ የነሱን ቃል
በነሱው ማኅተም አስመታው፦

ጫኝ ጭነት ይጭናል፣ ያወርዳል ጭነቱን፤
ደረጃ አይገፋም፣ አይነካም ነዳጁን፤
መንገደኛ አይሸከም፣ ይጠብቅ ድርሻውን።

ቤተ ስኪያን ሳሚው፣ መስጊድ ሰጋጁ፣
እኩል በቃላችን ያዝነው።
"ሥራህ አይደለም" የነበረው
"ሥራዬ አይደለም" ሆነ።
የተለወጠችው አንዲት ፊደል ናት።
ለሷ ነው ሁለት ክረምት።

ዛሬ ደግሞ ሼህ ይመር መጡ።
ዳሌያቸው አዲስ አበባ በብሎን ታስሮ፣
ከበሩ አፍ ላይ፣ ከዘራቸውን አቅፈው ተቀመጡ።
መንገደኛ ደጋፊ ጦይባ ብቻዋን ናት፤
ጓደኛዋ ከወለደች ወር ከሳምንት፣
በቦታዋ የመጣ የለም።
ጦይባ ራሷ ከነጫማዋ አንድ ከረጢት ስኳር አታህልም።
እኛን አየችን።
እኛ እንድሪስን አየን።
እንድሪስ አራጋውን አየ፤
አራጋው፣ በሁለት ጣቱ የሻንጣ ቁጥር ይለቅማል።

ዝም አልን።
እጃችን እንደ ባዶ ጆንያ ተንጠልጥሎ።
እኔ ልንቀሳቀስ ነበር፣ ወይም
ልንቀሳቀስ ነበር ብዬ አሁን አስባለሁ።

እንድሪስ ሰዓቱን ገልጦ አየ።
ቢጫ ሰደርያውን አወለቀ፣
ሦስት ቦታ አጠፈና ጋሪው ላይ አኖረ።
"ስድስት ሰዓት። ምሳ ላይ ነኝ። አንቀጽ ሰባት።"

"ጀርባህ ቢቀነጠስሳ?" አለው አራጋው፣
ቀና ሳይል።
"ማን አዘዘህ ይሉሃል።"
"ምሳዬ።"

ዘጠኝ እርከን ነው። አዘላቸው።
ከላይ ሼሁ፣ ጆሮው ሥር፦
"ሻንጣ ሃያ ሦስት ኪሎ ነው አሉኝ፤ እኔስ ስንት አነሳሁ?"
"ትርፍ ነዎት አባባ፣ ያስከፍላል።"
"እሱን በዱዓ እንጨርሰዋለን።"
አራጋው ነው ከሥር፣ ከዘራውን ይዞ፣
እርከኑን አንድ በአንድ የሚቆጥርለት፤
ሲደርስ አፈር ቃም አድርጎ ተፋ፣
ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅነውም።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሰደርያው ተለበሰ።
እንድሪስ ያንኑ እስክሪብቶ ከጆሮው አወረደ፦
"የመንገደኛ ድጋፍ ሠራተኛ፣ አንድ፣ ክፍት መደብ፤
ይህ ሰባተኛ ማሳሰቢያችን ነው።"
ከታች ሰንጠረዥ አለች፣
"መንገደኛውን ያወረደው ሠራተኛ ስም" የምትል።
ብዙ ቆየባት።
ነፋሱ ወረቀቱን ሊነጥቀው ሲል
አራጋው በሁለት ጣቱ ያዘለት።

"ሠራተኛ የለም" ብሎ ጻፈ፤
"ምሳው ላይ የነበረ አንድ ሰው ነው።"